ሽሽት የሌለበት ጉግስ

ጉግስን የስልክ ጨዋታ አደርገዋለሁ ብዬ ተነስቼ ጉግስን አበላሸሁት። ያበላሸሁትም ሳላውቅ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው፣ አንባቢዬ «ምን ያድርግ፣ አላወቀም» ብለው እንዳያዝኑልኝ ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ አድጎ የጥምቀት ሜዳ ላይ ፈረስ ሲጋለብ ያየ ሰው የጨዋታውን ወግ አይስተውም። አንዱ ያባርራል፣ ሌላው ይሸሻል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፤ ተባራሪው እየጋለበ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል፤ ያባረረው ይሸሻል።

እኔ ተራውን አወጣሁት። ተጫዋቹ ሁልጊዜ አባራሪ ሆነ። ዘንጉ ሲያርፍ ከባላጋራው ራስ በላይ ያለችው ቀይ መስመር ታጥራለች፤ ስታልቅ ፈረሰኛው ይወድቃል፤ ለወደቀ ሁሉ ነጥብ አለ። ሜዳውንም ዛፍ የሌለው በረሃ አደረግሁት፤ የውጭ ጨዋታዎች አፍሪካን ሲስሉ ያየሁት እንዲያ ነበርና። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በረሃ የት አለ?

ተራውን ለማውጣቴ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የስልኩ አቅም ነው። እንቅስቃሴው እንዳይንገጫገጭ በሰከንድ 60 ምስል ይሳላል፤ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ከኋላ እያሰበ የሚያባርር ፈረሰኛ መጨመር ይከብዳል። መክበዱ እውነት ነው፤ የተውኩት ግን ስለከበደኝ አይደለም። በውጭ የውጊያ ጨዋታ ዓይናቸው የለመደ ባልደረቦቼ እንዲያደንቁኝ ፈለግሁ፤ ሽሽት የፈሪ ጨዋታ ያስመስለዋል ብዬ ሰጋሁ። ስጋቱም ቢሆን መሠረት አልነበረውም። ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ የምታመልጥ ዶሮ ጨዋታ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሽሽት ነው፤ እኔው ራሴ ስጫወተው ስልኬን ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ቡሬ ላይ፣ በወጣትነታቸው ጉግስ የተጫወቱ አንድ አዛውንት ዘመዴ ስልኩን ተቀበሉኝ። ጥቂት ፈረሰኞች ጣሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸው መስታወቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ጠበቁ።

«ልጄ፣ አሁን እኔን የሚያባርረኝ የታለ?»

«የለም፣ አባባ። የሚያባርሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ታዲያ ይህ ምኑ ጨዋታ ነው፤ ጠብ ነው እንጂ» ብለው መለሱልኝ።

ስልኩ አይችልም ልላቸው አፌን ከፈትሁ። የራሴን ውሸት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ስልኩ የፈረሱን ጋማ ችሎ ነበር፤ እያንዳንዱ ዘለላ በነፋስ እንዲወዛወዝ ስል ሌሊቱን ያነጋሁበትን፣ ማንም ያልጠየቀኝን ጋማ። አቅም አልጠፋም፤ ያለውን አቅም ለጌጥ አዋልሁት። ያወጣሁት ደግሞ ጨዋታውን ከጠብ የሚለየውን ነው፤ የሚወረውር ሰው ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ተራው እንደሚደርስ ማወቁን። እጁን የሚገታው ይህን ማወቁ ነው።

አሁን ተራውን መልሼ እየሠራሁ ነው፤ ጋማውንም ቆርጬዋለሁ። ይህ የቀደመውን አይሽረውም። ያንን ጨዋታ ከጫኑት ልጆች መካከል ጉግስ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ይኖራል፤ ዘንግ የሚወረወረው ሰው ለመጣል ነው ብሎ የተማረው ከእኔ ነው።