የታጁጅ ጥያቄ

ፍቅርን የሚከለክለው ማን ነው? ባህል ነው፣ ወላጅ ነው ወይስ የአፍቃሪው የራሱ አንደበት? የጥንት የፍቅር ግጥሞችን ስንመረምር ደጋግሞ የሚገጥመን ጥያቄ ይኸው ነው።

በሱዳን ዐረብኛ «ራኩባ» ማለት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። በገዳሪፍ የምትገኘው ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን ብዙ ወገኖቻችንን ያስጠለለች፣ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ዳግመኛ የተቀበለች ሥፍራ ናት። በመጀመሪያው ዘመን በዚያ የኖሩ አንድ አዛውንት ነጋዴ በድንበሩ ገበያ አግኝተውን የታጁጅንና የሙሐለቅን ታሪክ አጫወቱን።

ታጁጅ በሰቲት ወንዝ፣ ማለት በእኛው ተከዜ ዳር ይኖር የነበረው የሐምራን ጎሣ ቆንጆ ነበረች። ሐምራኖች፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. ዝሆን በሰይፍ ሲያድኑ አይቶ ጀግንነታቸውን የጻፈላቸው ሰዎች ናቸው። የአጎቷ ልጅ ሙሐለቅ ወደዳት፤ ገጠመላትም። ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ በተዛመተ ጊዜ ግን ዘመዶቿ «ስሟን አደባባይ አወጣው» ብለው ከለከሉት። ከብዙ ልመና በኋላ አገባት። ከዚያም ወዲያ አላረፈም፤ ውበቷን ለወዳጁ ሊያስመሰክር ሽቶ፣ ወዳጁ በስውር እያየ ልብሷን አውልቃ በቤቷ ውስጥ እንድትመላለስ ለመናት። እርሷም የምትጠይቀውን እንዲፈጽምላት አስምላ ፈቀደች። የጠየቀችውም ፍቺን ነበር። ሙሐለቅ እየገጠመ፣ አእምሮውን ስቶ በየበረሃው ተንከራተተ ይባላል።

ይህ ታሪክ የጥንቱን የቀይስንና የለይላን ታሪክ ያስታውሰናል። ቀይስም ስሟን በግጥም ስላሰማ ለይላን ተከለከለ፤ «መጅኑን» ማለትም ዕብድ ተባለ። ኒዛሚ የተባለው የፋርስ ባለቅኔ ታሪኩን በ1188 እ.ኤ.አ. በረጅም ግጥም ከጻፈው በኋላ፣ ለይላን ነፍስ የምትናፍቀው አምላካዊ ፍቅር ምሳሌ አድርገው የተረጎሙ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። የእኛም ሊቃውንት መኃልየ መኃልይን በአንድምታ ሲተረጉሙ ሙሽራውን ክርስቶስ፣ ሙሽራይቱን ቤተ ክርስቲያን ይሏታል። በሰም ውስጥ ወርቅ መፈለግ የቆየ ጥበባችን ነውና ይህን ትርጓሜ እናከብራለን።

ይሁን እንጂ ወርቁን ስንፈልግ ሰሙን እንዳንጥለው ያስፈልጋል። በእነዚህ ታሪኮች ሰሙ አንዲት ሴት ናት። አንባቢ ሁሉ ለዕብዱ ባለቅኔ ያዝናል፤ የእርሷን ሐሳብ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሌላው በገጠመው ግጥም እርሷ የምትቀጣበት ልማድ ፍትሕ አልነበረም። ሆኖም ሙሐለቅን የጎዳው ልማዱ ብቻ አይደለም፤ ያገባትን ሴት እንኳ ለሌላ ዓይን ማሳየቱ ነው። ከግጥሞቹ ሁሉ ይልቅ «ፍታኝ» የሚለው የታጁጅ አንድ ቃል ለእኛ ይከብደናል።

ነገሩ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። የሚስቱን ደብዳቤ በድንኳን ውስጥ ጮክ ብሎ ያነብ የነበረ አንድ ጓድ እናውቃለን። ክፋት አልነበረበትም፤ በእርሷ መኩራቱ ነበር። የናፍቆቷ ቃል የጓዶቹ ጨዋታ መሆኑን ከሌላ ወታደር ሚስት በሰማች ጊዜ ግን ደብዳቤዋ አጠረ። «እኔ ደኅና ነኝ፤ ልጆቹም ደኅና ናቸው» ከማለት በቀር ሌላ አትጽፍም ነበር። ያ ጓድ ብዙ ወራት በዚያች አንዲት መሥመር ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲያድር አይተነዋል።

ሚስቶችም ቢሆኑ፣ ባል በሌሊት ጥበቃ ላይ ሆኖ የጻፈውን ፍርሃትና ናፍቆት በቡና ላይ ለጎረቤት ቢያነብቡት ያው ነው። በጓዶቹ ፊት የማይናገረውን ለሚስቱ የጻፈው አምኗት ነው።

ስለዚህ፣ ውድ የቤተሰብ አምድ አንባብያን፣ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ለብቻችሁ አንብቡት። ለሌላ ልታነብቡት ብትወዱ አስቀድማችሁ ጸሐፊውን ጠይቁ። ታጁጅን ከልቡ ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም፤ እናንተ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ።