ሴንሰሩን አትክሰሱት

ዛሬ ከጅቡቲ የጫነ ተሳቢ አዳይቱ እኔ ጋ ደረሰ። ከሚሌ ጀምሮ ጉልበት አጥቶ ሲንፏቀቅ ነው የመጣው። የአድብሉ፣ ማለትም የጭስ ማጽጃው ፈሳሽ፣ መብራት በርቷል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አፍኖ ይዞታል። ሹፌሩ ገና ከጋቢና ሳይወርዱ «ልጄ፣ አድብሉውን ቁረጥልኝና ልሂድ» አሉኝ። የዛሬውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ድካሙ ገብቶኛል። ግን አልቆረጥኩም።

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ምን አሉዎት?» ስላቸው ወረቀት አወጡ። የኋላው ኖክስ ሴንሰር ይላል። ተቀይሯል፣ አዲስ ነው፣ ዋጋውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። የብልሽት ኮዱ ግን ተመልሶ መጥቷል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የፊቱ ሴንሰር ከሞተሩ የወጣውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለካል፣ የኋላው ጭሱን የሚያጸዳውን ካታላይት አልፎ የቀረውን። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያይና «ጭሱ አልጸዳም» ይላል። የኋላው ሴንሰር ምስክር ነው። ያየውን ስለተናገረ እሱን አባርሮ ሌላ ምስክር መቅጠር ምን የሚሉት ዳኝነት ነው? ጭሱ ያልጸዳው አድብሉው ተበላሽቶ ይሆናል፣ አድብሉውን የሚረጨው ኖዝል ተደፍኖ ይሆናል፣ ቱቦው የሆነ ቦታ ያፈስ ይሆናል፣ ካታላይቱም አልቆ ይሆናል። ሴንሰርም ይሞታል፣ አልካድኩም። ግን ምርመራ ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምራል፤ የአድብሉውን ታንክ ክዳን ከፍቶ ማሽተት ብር አያስከፍልም።

ክዳኑን ከፈትን። አሞኒያው ዓይን ያስለቅሳል፤ አድብሉው ተበላሽቷል። የት እንደተገዛ ስጠይቅ ረዳቱ «መንገድ ዳር፣ ከጀሪካን» አለ። አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ። በ25 ዲግሪ ቢቀመጥ 18 ወር ይቆያል፣ በ35 ዲግሪ 6 ወር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይመረመር አይሞላም። እኛ አገር 40ን ያለፈ ቀን ወሬ አይደለም፤ ጀሪካኑ ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው።

ረዳቱ «ታዲያ ዩሪያ ከሆነ እኛው ብንሸናበትስ?» አለ። አባቴ፣ በዚያ ሙቀት እንደዚያ ስቀን አናውቅም! ጋሼም ሳቁ። ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ነው። ሽንት ውስጥ ጨው አለ፣ ጨው ካታላይት ይገድላል። የእርሻ ማዳበሪያ ዩሪያን በጉድጓድ ውሃ በጥብጦ መሙላትም ያው ነው፣ የውሃው ካልሲየም ኖዝሉ ላይም ካታላይቱ ላይም ይጋገራል። የዩሪያ መለኪያው 32.5 አሳየ ብላችሁ አትመኑ። እሱ የሚለካው መጠኑን ነው፣ ንጽሕናውን አይነግራችሁም።

ኖዝሉን ስፈታው ነጭ ድንጋይ ሆኗል። ለምን እንደሆነ ጋሼ መኪናውን ሲያቆሙ ቀድሜ አይቼ ነበር። ቁልፍ አጥፍተው ወዲያው ባትሪ ማጥፊያውን ቀጭ አደረጉት።

ይህን እጅ አውቀዋለሁ። አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር፣ በፊያት 682 ኤን 3። ይሄው በአዳይቱ የሚያልፈው መንገድ ነው፤ በ1990 ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት አሰብን እስኪዘጋብን ድረስ ተመላልሶበታል። መኪና በቆመ ቁጥር ባትሪውን ይነቅል ነበር። ሽቦ ተነካክቶ ጭነት ሲቃጠል ያየ ትውልድ ነው። ጥላ በሌለበት ሞተር አውርዶ ሠርቶ መልሶ የሚሰቅል፣ የፓምፑን ጤንነት በጆሮው የሚለይ ሰው ነበር። ያንን ጥንቃቄ ለነጋሼ ያወረሱት እነ አባቴ ናቸው፣ ማንም ሊንቅባቸው አይገባም። ነገሩን የቀየረው አዲሱ መኪና ነው። ቁልፍ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አድብሉ ወደ ታንኩ መልሶ ይስባል። ማጥፊያው ቶሎ ከተጫነ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል፣ የማርሚታው ግለት ያደርቀዋል፣ ድንጋይ ይሆናል። ይህን ማን ነገራቸው? ያገለገለው መኪና ከአውሮፓ ሲመጣ መመሪያው፣ ካለ፣ በደች ወይም በጀርመንኛ ነው። ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ የኖረ ሰው በሁለት ደቂቃ ምክንያት ለሴንሰር ይህን ያህል ይክፈል?

ኖዝሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው፣ ድንጋዩ ሟሟ። ታንኩን አጥበን ከጥላ የወጣ፣ ቀኑ የሚታወቅ አድብሉ ሞላን። ኖዝሉን መለኪያ ማሰሮ ውስጥ አድርጌ በስካነር አስረጨሁት፣ መጠኑ ልክ መጣ። ከዚያ ተገጠመ።

መቁረጥን በተመለከተ፣ ሁሌ የምትጠይቁኝ ስለሆነ። ኮምፒውተሩን የሚያታልል ዕቃ ይገጠማል፣ ዩሮ 6 ላይ ደግሞ የጥላሸት ማጣሪያው ተቀድዶ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል። መኪናው ይሄዳል፣ እውነት ነው፤ ጭሱ ግን ሳይጸዳ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ሞተር ሳይጠፋ ነው የሚቆመው፣ ውሃና ሻይ ይዘው በጎማው መሐል የሚሯሯጡት የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ጭሱ የሚወጣው በእነሱ ቁመት ላይ ነው። አልቆርጥም።

ያገለገለ መኪና የምታስመጡ ወንድሞቼ፣ ከመመሪያው ስለ ባትሪ ማጥፊያው የሚናገረውን ገጽ በአማርኛና በአፋርኛ አስተርጉማችሁ ጋቢና ውስጥ ለጥፉላቸው። አንድ ገጽ ነው። ገንዘብ ከከበዳችሁ አማርኛውን እኔ እጽፈዋለሁ፣ በነጻ።