የብረቱ ድምፅና የቀርከሃው መምህር

ቫይብራፎን ለተመልካች ቀላል መሣሪያ ይመስላል። ከአሉሚኒየም የተሠሩ ዝርግ ዘንጎች በመደዳ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ድምፅን የሚያጎሉ ቧንቧዎች ተንጠልጥለዋል፤ ተጫዋቹም ጫፉ በክር የተጠቀለለ መምቻ ይዞ ይቆማል። ችግሩ የሚጀምረው ዘንጉ ከተመታ በኋላ ነው። እግር ፔዳሉን ረግጦ እስከቆየ ድረስ ድምፁ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እግር ሲነሣ ይታፈናል። የቫይብራፎን ጥበብ ግማሹ ዝም በማሰኘት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሙዚቃ ግን ማረከው። በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ቦስተን ተሻግሮ የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ፤ ቫይብራፎንንም በዚያ አጠና። ላዮኔል ሃምፕተንና ሚልት ጃክሰን መሣሪያውን ከጃዝ ቤተሰብ ቀላቅለውት ነበርና፣ ለአንድ ወጣት የሚቀናው የእነርሱን ዱካ መከተል ነበር። በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ያሳተማቸው ሁለት ሸክላዎች የላቲን ምት የገነነባቸው ናቸው። የአገር ቅኝት በእነዚያ ሸክላዎች ውስጥ አለ፤ ሆኖም ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ይመስላል።

ጭንቁ ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚቆሙ ቅኝቶች ናቸው። (ባቲ ስሙን የሚጋራው ደገኛውና አፋሩ ሰኞ ሰኞ ከሚገበያዩባት ከተማ ጋር መሆኑን ልብ ይሏል።) የጃዝ ኅብረ ድምፅ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ድምፆች ይቀዳል። አሥራ ሁለቱን በአምስቱ ላይ ያለ ጥንቃቄ የጫነ ሰው፣ አንቺ ሆዬን አንቺ ሆዬ የሚያሰኛትን ለዛ በገዛ እጁ ይሰርዛል። ፔዳሉን ረግጦ የዘነጋ እንደሆነ ጥፋቱ ይብሳል፤ ያለፈው ድምፅ ከሚመጣው ጋር ይደባለቅና ቅኝቱ ይደፈርሳል።

ሙላቱ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸው ሥራዎች ይህን ጭንቅ የፈቱ ናቸው። በውስጣቸው ኅብረ ድምፁ ለቅኝቱ ቦታ ይለቃል። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜም፣ የቦስተኑ ተማሪ ለታላቁ ሰው የራሱን ቅንብር ይዞ ቀረበ።

ሙላቱ ግን ስለ መምህራን ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚያነሣው የደቡቡን የደራሼ ሕዝብ ነው። በደራሼ የቀርከሃ ነፊዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ዜማው የሚሞላው ከሁሉም አፍ ተለቃቅሞ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት የተመሰገኑበት የድምፅ ስልት ቀድሞ ከእነዚህ ሰዎች ዘንድ እንደነበረ ሙላቱ ይሟገታል። ማን ቀደመ የሚለውን ታሪክ ጸሐፊ ይመርምረው፤ የሚያስደንቀው ብዙ ትምህርት ቤት ያየ ሰው በቀርከሃ ነፊዎች ፊት እንደ ተማሪ መቀመጡ ነው።

በርክሊ በ2012 ለሙላቱ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የሚገባው ነው። ለደራሼ ነፊዎችስ ካባውን ማን ያልብስ? በጊዶሌ ተራሮች ሥር ፊላው ሲነፋ፣ ነፊው አንዲቷን ድምፁን ሰጥቶ ቀርከሃውን ከከንፈሩ ያርቃል፤ የጎረቤቱን ድምፅ ያዳምጣል፤ ተራው እስኪደርስም ይጠብቃል።