ሁለት ደቂቃ ዝዋይ ዳር

የልጅ ልጄ በታኅሣሥ አጋማሽ ከአሜሪካ ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው የዋና መነጽሩን ነበር። ዕድሜው 15 ነው። ባለፈው ዓመት ወላጆቹ ሜክሲኮ ወስደውት ኮዙሜል በምትባል ደሴት አጠገብ አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ ባሕር ውስጥ ጠልቋል። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ የጥንቶቹ ማያዎች የሠሩትን የቺቼን ኢትዛን ፍርስራሽ ሲያዩ ውለዋል። ለምን በመጨረሻው ቀን እንደሆነ ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ የእኔ ሙያ ነገር ስለሆነ። ለካ ባሕር ውስጥ በተደጋጋሚ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም። በግፊት ወደ ደም የገባው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሠርቶ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ያንን ቀን በየብስ ያሳልፉታል።

“እማማ፣ እዚህስ የት ነው የምንጠልቀው?” አለኝ።

ኮልፌ ውስጥ ማን ጠልቆ ያውቃል! እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ባሕር አይቼ አላውቅም። ዕረፍት ሲሰጠኝ በርበሬ አስፈጫለሁ፣ ቤት አስጠግናለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። እናቱን ስታድግ ከሰበታ አሳልፌ አልወሰድኳትም። ይህ በልቤ ስለነበር “ውሃም ድንጋይም አሳይሃለሁ” አልኩት።

የሰፈራችንን ሾፌር ይዘን ማለዳ 12 ሰዓት ተነሣን። በአየር ጤና ወጥተን ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ መንገድ ታጠፍን። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን መልካ ቁንጡሬን ስንመለስ እናየዋለን ብለን አለፍነው። ስንመለስ ጨለመብን።

ቲያ ግን ወረድን። በዚያ ሥፍራ 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ነው በዩኔስኮ የተመዘገቡት። ቲያን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ድንጋዮቹን በጣም ትልልቅ አድርጎ ያስባል። ቀርበው ሲያዩዋቸው ብዙዎቹ የሰው ቁመት ያህል ናቸው፤ ልክ ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። በላያቸው ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፣ ክብ ነገር አለ፣ ቅጠል የመሰለ ምልክትም አለ። የልጅ ልጄ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ጎራዴዎቹን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

አስጎብኚው ከሥራቸው መቃብር እንዳለ፣ በቁፋሮ የተገኙት አጽሞችም ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች እንደሆኑ ነገረን። “በምን ሞቱ?” አልኩት፤ ጡረታ ቢወጡም ይህ ጥያቄ አይለቅም። “ጦርነት ይላሉ፣ በሽታም ይላሉ” አለኝ። ልጁ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ “ቺቼን ኢትዛም ከጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የልጆች አጥንት አውጥተዋል። ለዝናብ አምላክ የሰጧቸው ናቸው” አለ። ከዚያ መቁጠሩን ተወ።

በቡታጅራ አድርገን ዝዋይ ስንደርስ ዓሣ ለመብላት ወረድን። እኔ የቆሮሶ ዋጋ እየተከራከርኩ ዞር ስል ልጁ የለም። ሐይቁ ዳር ጫማውን አውልቆ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ አባ ኮዳ ፎቶ ያነሣል። ጮኽኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እግሩን በነጠላዬ አሸሁለት፤ ማሸት ዋስትና እንደማይሆን እያወቅኩ።

ወጣት ነርስ ሳለሁ ጣና አካባቢ ሠርቻለሁ። ሆዱ የተነፋ፣ ደም የሚያስታውክ የ13 ዓመት ልጅ አምጥተውልኝ ነበር። አላተረፍነውም። የቢልሃርዝያ ትል ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ጉበትን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው፤ ልጁ ለዓመታት ደህና ይመስላል። ከውጭ የልጅ ልጅ የሚመጣላችሁ ሁሉ፣ ዝዋይም፣ ጣናም፣ ሐዋሳም ቢልሃርዝያ አለባቸው። እኔ ይህን እያወቅኩ ከቤት ስንወጣ አልነገርኩትም።

መኪና ውስጥ ተኮራረፍን። ዝምታው ሲከብደኝ የአክሊሉ ለማን ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል ያረጋገጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት አገኙ። “ልብስ ማጠቢያ?” አለና ሳቀ። ታረቅን።

ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የሚታወቅ ነው፤ እዚያ ልቀቀው ብዬ ለቀቅኩት። መነጽሩን አድርጎ ገባና ወዲያው ወጣ። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው። “እማማ፣ የራሴን እጅ አላየሁም!” መነጽሩን ወርውሮ እስኪመሽ ዋኘ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ እግሬን አስገባሁ፤ ለብ ያለ ነበር።

ማታ እናቱ ደወለች። መደበቅ ይቻል ነበር፤ ልጁም “አትንገሪያት” ብሎኛል። ነገርኳት። ዝም አለች፤ ቆይታ “እማዬ፣ አንቺ ነርስ ሆነሽ?” አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታ የሰገራና የደም ምርመራ እንድታደርግለት፣ ቀድማ ብትወስደው ምርመራው ላያሳይ እንደሚችል፣ ቢገኝበትም ፕራዚኳንቴል የሚባል በክብደት የሚሰጥ ኪኒን እንዳለ ነገርኳት። ጻፈች። “ደህና እደሪ” ብላ ዘጋች። እንደ ወትሮው “እወድሻለሁ” አላለችም።

ግድግዳዬ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ስምንት ሳምንት ቆጥሬ በእስክርቢቶ ከበብኩ። በጥር ስትደውል ስለ አየሩ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አወራን፤ ስለ ምርመራው አንዳችንም አላነሣንም።

በየካቲት መጨረሻ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ ላከችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የለበትም። ከሥሩ ልጁ በተሰባበረ አማርኛው “እማማ መልካ ቁንጡሬ አላየንም” ብሎ ጽፏል። የዋና መነጽሩን እኔ ጋ ትቶት ነው የሄደው፤ ከነጠላዬ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።