ገሊላ በደጃችን ሳለ

ሐዋሳ ላይ ለተወለደ ልጅ ጀልባ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ቆሮሶና አምባዛ ሲከመር፣ አባ ኮዳ የተባሉት ወፎች ትራፊ ለመልቀም ቆመው ሲጠብቁ አይቷል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ እንዴት እንደሚናወጥ ያውቃል። ቀና ሲል ደግሞ ታቦር ተራራ አለ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ተሸክሞ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ። የወንጌል ታሪክ ብዙው የተፈጸመው በሐይቅ ዳርና በተራራ ላይ ነው። ሐዋሳም ሐይቅና ተራራ ናት። ለልጆች የወንጌል ትምህርት እንዲህ የተመቸ ከተማ በአገራችን ጥቂት ነው።

ይህ ልጅ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፣ ከዋናው አዳራሽ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ከእኩዮቹ ጋር ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የጴጥሮስን ጀልባ የሚያየው ውጭ አገር በታተመ ሥዕል ላይ ነው። ጴጥሮስ ወርቃማ ጸጉር አለው። ጀልባው ሐይቃችን ላይ ከሚቀዘፉት አንዱንም አይመስልም። ሥዕሉ ወይ በጨርቅ ሰሌዳ ላይ እየለጠፍን ታሪክ እናስተምርበት ከነበረው ከድሮው ፍላኔል ግራፍ የተረፈ ነው፣ ወይ ደግሞ ከኢንተርኔት ወርዶ በጥቁርና ነጭ የታተመ ነው። አስተማሪዋ ብዙ ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ሥዕሉን ከፍ አድርጋ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ታዞረዋለች፤ ከኋላ የተቀመጡት ግን አያዩትም።

ስልክ ይዞ አሞራ ገደል የሚወርድ አንድ ወጣት ይበቃ ነበር። ጀልባው አለ፣ መረቡ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን የተመለሰ ዓሣ አጥማጅም አለ። ታሪኩን የሚናገር የሕፃን ድምፅ በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ በሲዳምኛ አንድ ጊዜ፣ በወላይትኛ አንድ ጊዜ መቅረጽ ይቻል ነበር። ከዚያ የዘሪው ምሳሌ፣ የጠፋው በግ፣ በዐለት ላይ የተሠራው ቤት እያለ ይቀጥላል። ካሜራ ያለው ስልክ በከተማችን ወጣቶች ኪስ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን አላደረግንም። የከለከለን ሰው የለም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ምክንያቱም የተከለከልንበት ዘመን ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያን ሲመርቁ፣ ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ ከነበረው ቴክኖሎጂ ኋላ የምትጎተት አልነበረችም። ጣቢያው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሲሆን፣ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ድረስ በብዙ ቋንቋ ይሰማ ነበር። በዚያው ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በየምሥራች ድምፅ የማንበብና መጻፍ ዘመቻዋ በየገጠሩ ፊደል ታስቆጥር ነበር። ሐዋሳም ገና ስትቆረቆር የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን መጥቶ የሙያ ትምህርት ቤት ከፍቶባታል። ዛሬ ሕይወት ብርሃን የምንላት ቤተ ክርስቲያን ሥሯ ከዚያ ነው። በዚህ ከተማ ወንጌልና ሙያ፣ ስብከትና መሣሪያ አብረው ነው የገቡት።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ራዲዮ ጣቢያውን ወረሰ። ቀጥሎም በየቦታው አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ንብረታቸው ተወሰደ። ልጆች በየሰው ቤት በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ተማሩ። መርጃ መሣሪያው የአስተማሪው ትውስታና የመዝሙር ዜማ ብቻ ነበር። ያ ዘመን ያሳዝነኛል፤ አያስቆጨኝም ግን። የተነጠቅነው ነገር ነውና። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው ለልጆች አንዲት ጥቅስ ያስያዙ እናቶችን ሳስብ ደግሞ አንገቴን ቀና አደርጋለሁ።

ቁጭቱ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ነው። ደርግ ወድቆ በሩ ተከፈተ። ማምለኪያዎቻችን ተመለሱ፣ ሰፉ፣ ፎቅ ሆኑ። ሐዋሳ በከተማነቷ እንዳደገች ሁሉ አዳራሾቿም አደጉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያ ዋለ፤ ልክ ነበር፣ ሕዝቡ መስማት ነበረበት። ሁለተኛው ለኪቦርድና ለሚክሰር ሆነ፤ ሦስተኛው ለበለጠ ስፒከር፤ አራተኛው መድረክ ጀርባ ለሚተከል ኤልኢዲ ስክሪን። የልጆች ክፍል በበጀት ዝርዝሩ ላይ የጠመኔና የብስኩት ሆኖ ቀረ። ይህን ስል ለአምልኮ የሚወጣውን እየነቀፍኩ አይደለም። ግን አንድ ስፒከር በተገዛበት ሒሳብ አንዲት ሠዓሊ ለወራት ተቀምጣ አዲስ ኪዳንን በእኛ ልጆች መልክ፣ በእኛ እንሰትና በእኛ ሐይቅ ልትስለው ትችል ነበር። ስፒከሩ አርጅቶ ተጥሏል። ሥዕሉ ቢኖር ዛሬም ያስተምር ነበር።

ስሟን የማልጠራት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከውጭ የመጡ ወዳጆች ለሕፃናት ክፍል ብለው ፕሮጀክተር ሰጡ። ልጆቹ ያዩበት ለጥቂት እሑዶች ነው። ከዚያ የአዋቂዎቹ ጉባኤ የመዝሙር ግጥም የሚያሳይበት አጣና «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። የልጆቹ አስተማሪዎች ሁለት ጊዜ ጠየቁ፣ ሦስተኛውን አፈሩ። ልጅ ተሰልፎ ንብረቴን መልሱ አይልም፤ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይም ድምፅ የለውም።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን የባከነው ልፋት ይበልጥ ይቆጨኛል። የሐዋሳ የሕፃናት አገልግሎት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እጅግ ጎበዝ አስተማሪዎችን አይቷል። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣቶች ለትምህርት በቆዩባቸው ዓመታት በየአጥቢያው ልጆች አስተምረዋል። ቅዳሜ ማታ ዶርም ውስጥ ተቀምጠው ትምህርቱን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ታሪኩን በጥያቄና መልስ ይከፋፍላሉ፣ ዜማ ያወጣሉ፣ ከካርቶን አንበሳና የኖኅን መርከብ ይሠራሉ። ሁሉም ነገር ያለው በአንድ ደብተር ውስጥ ነው። ተመርቀው ሲሄዱ ደብተሩ አብሯቸው ይሄዳል። በመስከረም የሚተካው አዲስ ልጅ ከሀ ይጀምራል። ስንት የዳንኤል ትምህርት፣ ስንት የዮሴፍ ትምህርት ተዘጋጅቶ ጠፋ! ከደብተሮቹ ግማሹ እንኳ ተሰብስቦ፣ ታርሞ፣ በዕድሜ ተከፋፍሎ ቢታተም ኖሮ ዛሬ ለደቡቡ ሁሉ የሚተርፍ ሥርዓተ ትምህርት በእጃችን በነበረ።

የተተየበውም ቢሆን አልተረፈም። በ1990ዎቹ አንዳንድ ትጉሃን ትምህርቶቻቸውን በቢሮው ኮምፒውተር በፓወር ግዕዝ የፊደል ፕሮግራም አስጽፈው በፍሎፒ አስቀምጠው ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በየኮምፒውተሩ አንድ ወጥ ወደሆነው የፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ እኛ ግን ያንን ጽሑፍ ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ጊዜ አልሰጠነውም። ዛሬ ፋይሉ በተአምር ቢገኝ እንኳ የድሮው የፊደል ቅርጽ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ገጹ ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። የሚያውቅ ሰው ጥቂት ቀን ቢሰጠው ይድን የነበረ ሥራ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጉባኤ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቃን ተቀምጠው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እነሱን የምንፈልጋቸው ለድምፅ መቆጣጠሪያው ነበር።

አቅም አልነበረም የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ለ42 ዓመታት ያህል የኢትዮጵያን ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጡት በተረትና በፍቅር ነው፤ በሚያብረቀርቅ መሣሪያ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊት ዝግጅት ስትጀምር ቤታቸው ውስጥ ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አገኘች። እኛ አዳራሽ ነበረን፣ ዘማሪ ነበረን፣ ድራማ የሚጫወት ወጣት ነበረን፣ በየሳምንቱ ሳይጠራ የሚመጣ የልጅ መዓት ነበረን።

ቴክኖሎጂ ብቻውን ልጅ አያስተምርም የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪዎቹ በማያውቁት አነጋገር የሚሮጥ እንግሊዝኛ ነበር፤ ልጁ ጥያቄ ሲኖረው የማይቆም፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ። አስተማሪው ከጎኑ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ግን ከዚያ መማር የነበረብን መሣሪያውን መፍራት አልነበረም። ትምህርቱን ልጁን በሚያውቅ ሰው፣ በልጁ ቋንቋና በልጁ አገር መሥራት ነበር። ለዚያ ደግሞ ከየአጥቢያው የልጆች አስተማሪ የሚቀርብ ማን ነበር? የልጁን ስም ታውቃለች፣ ቤቱን ታውቃለች፣ የትኛው ታሪክ ላይ ዓይኑ እንደሚበራ ታውቃለች።

ቋንቋውን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ ያለው ጥፋት ከሁሉ ይከብደኛል። በሲዳማ የሚማር ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያነበው ሲዳምኛን በላቲን ፊደል ነው። ይህ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሲዳማ ክልል ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጀመረ ነው። እሑድ ሲመጣ የምንሰጠው ወረቀት ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ልጁ ያገላብጠዋል፣ ሥዕሉን ያያል፣ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ሰኞ ዕለት ጎበዝ አንባቢ የነበረው ልጅ እሑድ ዕለት ማንበብ የማይችል ሆኖ ይቀመጣል። ከአንድ ገጽ ሁለት ዓይነት አትሞ መስጠት ምን ያህል ያስከፍል ነበር? ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር ልጅ ማስተማርን ለዘመናት የያዘችው፣ የኔታ የፊደል ገበታውን ከልጁ ዓይን ፊት አድርገው በስንደዶ ሆሄ በሆሄ እያመለከቱት ነው። ገበታው ለልጁ ነበር የተሠራው። የእኛ ወረቀት የተሠራው ለማተሚያ ቤቱ እንዲመች ነው።

የመጨረሻው ዕድል የመጣው በወረርሽኝ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ጉባኤዎችም ተበተኑ። የአዋቂዎቹ ስብከት ወዲያው መንገድ አገኘ። ስልክ በመቆሚያ ላይ ተተክሎ፣ መብራት ተገዝቶ፣ በፌስቡክና በዩቲዩብ ተላለፈ። ካሜራ ፊት መቆምን በጥቂት ሳምንታት ለመድን። ያኔ የልጆቹ አስተማሪዎች ሥራ ፈትተው ቤታቸው ነበሩ፤ ልጆቹም ቤታቸው ነበሩ፤ በመካከላቸው የወላጆች ስልክ ነበር። በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ቢቀረጽ፣ በቴሌግራም ቢላክ፣ ኢንተርኔት የሌለው ቤት ከጎረቤት በሚሞሪ ካርድ ቢገለብጥ! በማውቃቸው አጥቢያዎች ይህን ያደረገ አንድም የለም። «ሲከፈት እንጀምራለን» ተባለ። ሲከፈት ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል፣ ወደዚያው ሥዕል ተመለስን። ካሜራዎቹ የአዋቂዎቹ አዳራሽ ውስጥ እንደ ተተከሉ ቀሩ።

ልጆቹ ግን አልጠበቁንም። ልጅ መቼም አይጠብቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪ አካባቢ ፊደል ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት በታሸገ ካርቶን ያለ አስተማሪ ተሰጥቷቸው፣ ማብሪያውን ያገኙት በደቂቃዎች ውስጥ መሆኑ ተነግሯል። የሐዋሳ ልጅም እንደዚሁ የእናቱን ስልክ የሚስጥር ቁጥር አውቆታል፤ ዩቲዩብ የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል። የሚያየው ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው አናውቅም። ቀለሙ ያማረ፣ ዘፈኑ የሚያዝ፣ ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። በዐሥር ዓመት ቀድመን ገብተን ቢሆን ኖሮ ቦታው ባዶ ነበር፤ በአማርኛ ጥቂት፣ በሲዳምኛ ከዚያም ያነሰ ነበር የሚገኘው። የመጀመሪያው ተረት ነጋሪ መሆን እንችል ነበር። አሁን ብንጀምር ከሺህ አንዱ ነን፤ ያውም ልጁ ሌላውን ከለመደ በኋላ።

እሑድ እሑድ አዳራሹ ውስጥ የማየው ይህን ነው። በ1990ዎቹ እዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያስተማርናቸው ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። ስብከቱ ሲጀመር ሕፃኑ እንዳይረብሽ ስልካቸውን ከፍተው፣ ድምፁን ዘግተው ይሰጡታል። አንዷ በቅርቡ ከጉባኤ ስንወጣ በሩ ላይ ይዛኝ፣ «ሌላ ነገር እንዳያይብኝ ፈራሁ፤ የእኛ የሆነ፣ በሲዳምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ምን ልክፈትለት?» አለችኝ። የሌሎች አገር ሰዎች ሠርተው ያስተረጎሙትን አንድ ሁለት ነገር ነገርኳት። የእኛ የሆነ የምላት አልነበረኝም።