ጠሪዋ የበዛ፣ ገበያዋ የቀዘቀዘ

እጁ በሊጥ የተያዘ ሰው «አሌክሳ፣ አሥር ደቂቃ ቁጠሪልኝ» ይላል። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ዕቃም ትታዘዛለች። ዘፈን ታሰማለች፤ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ትናገራለች፤ መብራት ታጠፋለች። የአሜሪካው ኩባንያ አማዞን ይህችን ዕቃ «ኤኮ» ብሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ ግን ለእንቁላል መቀቀያ ደቂቃ ቆጣሪ እንድትሆን ብቻ አላሰባትም።

ሐሳቡ የነጋዴ ነበር፤ ዕቃይቱን በርካሽ ማሠራጨት፣ ትርፉን ባለቤቱ በአፉ እያዘዘ ከሚሸምተው መልቀም። ዕቃይቱ በብዙ ሚሊዮን ተሸጠች፤ ሸመታው ግን አልመጣም። ዘ ኢንፎርሜሽን በ2018 እንደዘገበው፣ በዚያ ዓመት በድምፅ የገዙት ከባለቤቶቹ 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ኩባንያው አኃዙን አልተቀበለም። ዘ ዎል ስትሪት ጆርናል ደግሞ ኤኮንና ሌሎች መሣሪያዎችን የሚያመርተው ክፍል ከ2017 እስከ 2021 ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክሰሩን በ2024 አስነብቧል።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጤፍ የሚገዛ ሰው እጁን ጆንያ ውስጥ ይከታል፤ ቆንጥሮ መዳፉ ላይ በትኖ ያያል። ነጠላ የምትገዛም ጥለቱን ብርሃን ላይ ዘርግታ ትመረምራለች። የኢንተርኔት ሱቅ እንኳ ቢያንስ ፎቶግራፍ ያሳያል። ድምፅ ብቻ የሆነች ሻጭ ግን ሦስተኛውን ጫማ ስትገልጽ የመጀመሪያው ተረስቷል። ማስታወቂያ ብታስገባም ያስቆጣል፤ በጋዜጣ የታተመውን ዓይን ያልፈዋል፣ ጆሮ ግን ክዳን የለውም።

ያም ሆኖ ያላተረፈ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ማየት ለተሳነው ሰው ሰዓት ጠይቆ ማወቅ፣ ጉልበታቸው ለደከመ አረጋዊ ከአልጋ ሳይወርዱ መብራት ማጥፋት ትልቅ ነገር ነው። የሚያሰጋው የዕቃይቱ አእምሮ በአመዛኙ ቤት ውስጥ አለመሆኑ ነው። ትእዛዙ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ሄዶ መልሱ ይመጣል፤ እያንዳንዷ «ስንት ሰዓት ነው?» ለኩባንያው ወጪ ናት። ሂሳቡ አልገጥም ብሎት አገልግሎቱን ቢያቋርጥ፣ በገንዘብ የተገዛችው ዕቃ የመደርደሪያ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

ኩባንያው በ2022 መጨረሻ ከዚሁ ክፍል ሠራተኞች ቀነሰ። በ2025 ደግሞ «አሌክሳ ፕላስ» የተባለውን አዲስ አገልግሎት በወር 19.99 ዶላር አቀረበ፤ የፕራይም አባላት ግን ተጨማሪ አይከፍሉም። በቃል ሸቀጥ መሸጥ ሲያቅት ቃሉን ራሱን መሸጥ መሆኑ ነው።

አማርኛ አሌክሳ ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች መካከል አይገኝም። እንግሊዝኛ የማያውቁ ኢትዮጵያዊት አያት በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት ውስጥ መብራቱን ለማስጠፋት የልጅ ልጃቸውን ይጠራሉ፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ አሌክሳን ይጠራል።