ሁለቴ የተቆጠረው 2,100 ዶላር

ከደመወዝ ላይ የተቆረጠ ገንዘብ የማን መዋጮ ነው? ክፍል ውስጥ ብንጠየቅ «የሠራተኛው ነዋ» እንል ነበር። አሜሪካኖች ኤችኤስኤ በሚሉት የጤና ቁጠባ ሂሳብ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ግብር ሳይነካው በፔይሮል የገባ ሁሉ የአሠሪ መዋጮ ተብሎ ይመዘገባል።

ቨርጂንያ ያለው ታላቅ ወንድሜ የ2024ን የግብር ማስታወቂያ ከማስገባቱ በፊት «አካውንቲንግ አይደል የምትማሪው፣ እስቲ እዪልኝ» አለኝ። ከደመወዙ 2,100 ዶላር ተቆርጧል፣ አሠሪው 500 ጨምሮለታል። ድምሩ 2,600፣ ደብልዩ-2 በሚባለው የደመወዝ መግለጫ 12ኛ ሳጥን ውስጥ በ«ደብልዩ» ፊደል ሰፍሯል። ሶፍትዌሩ ይሄን ከወሰደ በኋላ «ራስህስ ስንት አስገባህ?» ይላል። ወንድሜ 2,100 ሞላ። ከኪሱ ነዋ የወጣው!

በዚህ ምክንያት ቅጽ 8889 ላይ 4,700 ሆነ። የዓመቱ ጣሪያ ለአንድ ሰው 4,150 ስለነበር 550 «ትርፍ» ተባለ፣ በ6 በመቶ 33 ዶላር ተጣለበት። እሱ የደነገጠው በዚህ ነው። እኔ የፈራሁት ግን 1,550 ዶላር ተቀናሽ መያዙን ነው። ግብር ባልተከፈለበት ገንዘብ ላይ ድጋሚ ተቀናሽ! ኋላ ቢደረስበት ከነወለዱ ነው የሚከፍለው።

«550ውን ከሂሳቡ ላውጣዋ» ሲለኝ ጮህኩ። ትርፍ የለም እኮ፤ ለሕክምና ሳይሆን ካወጣው ታክስና 20 በመቶ ተጨማሪ ይመጣበታል። «ጋሼ፣ 2ኛው መስመር ላይ ያለውን ብቻ አጥፋ፣ 2,600ው 9ኛው ላይ ይቀመጥ» አልኩት። አጠፋው። ቅጣቱም ተቀናሹም አብረው ሄዱ፤ ተመላሽ የሚሆንለትም ቀነሰ፣ በዚህ እንኳ ደስ አላለውም።